የጎደለን አጥቂ ብቻ ነውን?



የልጆቻችን ቡድን ከጥሎ ማለፉ ከወጣ ወዲህ በየጠላ ቤቱ ወሬው አንድ ነው፤ «አጥቂ ይምጣ፣ በረኛው ይቀየር» ይባላል። ይሁን፤ እኔ ግን በጸሐፊነቴ የምለው አለኝ።

በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰኔ 9 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲረታ አገር ጨፈረ። ኋላ ምን ተሰማ? በቦትስዋናው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ያለበት ልጅ ተሰልፎ ኖሯል! ፊፋ ሦስት ነጥብ ነጠቀን። ልጁ ምን ያድርግ? ካርዱን ጽፎ «ዛሬ አትሰለፍም» የሚለው ሰው ነው የጠፋው። በጳጉሜን ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 ባንረታ ኖሮ በደብተር ጉድለት ቀርተን ነበር። በ2006 ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ አስቀረችን። ያ የሜዳ ሽንፈት ነው፤ አያሳፍርም። የደብተሩ ግን ያሳፍራል።

የመንዝ ልጅ ትንፋሽ አያንሰውም፤ ብርዱና ዳገቱ አሳድጎታል። ቡድናችን ግን ማን ቢጫ እንዳየ፣ ማን እንደተጎዳ፣ የማልያ መዋጮ ከማን እንደቀረ የሚያውቀው በቃል ነው። ለእድራችን ደብተር አለን እኮ! ለልጆቹስ?

ስለዚህ ክረምቱ ሳይወጣ አንድ መዝጋቢ እንምረጥ። ደብተሩን እኔ እገዛለሁ፤ የሚጽፈው ከእናንተ ይሁን።

የማኅበሩ ጸሐፊ