የሐርላ ሀብትና የእጅ ሥራ ክብር

በ2009 ዓ.ም. በሰኔ ወር፥ የኤክስተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከአገራችን የቅርስ ባለሙያዎች ጋራ ቆፍረው ስለ ሐርላ የገለጡት ዜና፥ የታሪክ ሊቃውንትን ብቻ ሳይሆን እኛን የገበያ ሰዎችንም የሚመለከት ነው። ሐርላ በድሬዳዋና በሐረር መካከል የምትገኝ መንደር ናት። የአገሩ ሰዎች የፍርስራሹን ታላላቅ ድንጋዮች እያዩ፥ በጥንት ዘመን ግዙፋን ይኖሩባት ነበር ይሉ ነበር። መቃብሩ ተቆፍሮ አጽሙ ሲመረመር ግን እንደኛው ያሉ ሰዎች ሆነው ተገኙ።

ከአፈሩ የወጣው ዕቃ የአንድ ትልቅ መጋዘን መዝገብ ይመስላል። ከየመን፥ ከቻይና፥ ከማዳጋስካርና ከማልዲቭ ደሴቶች የመጣ ሸቀጥ፤ የብርጭቆ ዶቃ፥ የባሕር ዛጎል፥ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የተመታ የብርና የነሐስ ገንዘብ ተገኝቷል። በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራው መስጊድም በደቡብ ታንዛኒያና በሶማሌላንድ ከተገኙት ጋራ ይመሳሰላል። ስለ ኪልዋና ስለ ሌሎቹ የስዋሂሊ ወደቦች የሚነገረው የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ፥ እስከዚህ ድረስ ይዘልቅ ነበር ማለት ነው።

በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ የጌጥ ሠራተኞች የሥራ ቤት መገኘቱ ነው። ብሩን፥ ነሐሱንና የከበረውን ድንጋይ እዚያው ይሠሩት ነበር፤ የአሠራሩም ዘዴ በዚያን ጊዜ በሕንድ ከነበረው ጋራ የሚዛመድ ነው። የሐርላ ሰው የመጣለትን ሸቀጥ እያስተላለፈ ብቻ አልኖረም።

ወደ አገና ልመለስ። እኔ በአንድ ነጋዴ ቤት ደብዳቤና ሒሳብ እየጻፍሁ ዘመኔን ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። በመዝገቤ ላይ ዕቃ የሸጠልን ነጋዴ ስሙ «አቶ» ተብሎ ይጻፋል፤ በርጩማውን የጠረበው ሰው ግን «ጠራቢው» ተብሎ ይታለፋል። ይህን ያደረግሁት እኔው ራሴ ነኝና ማንንም አልከስስም። በጉራጌ ምድር እንጨት ጠራቢው፥ ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው በማዕድም በጋብቻም ተለይተው ለብዙ ዘመን መኖራቸውን የማያውቅ አንባቢ የለም። የቤታችንን ምሰሶ ያቆሙልን ግን እነርሱ ናቸው።

ልማድ በአንድ ቀን አይለወጥም የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ የአባልነት መዝገብ ግን በአንድ ስብሰባ ሊታረም ይችላል። ስለዚህ ምክር ቤታችን የእጅ ሥራ ባለሙያዎችን ፈልጎ በየስማቸው እንዲመዘግብ፥ በአገና ገበያም ከነጋዴው መደብር ጎን የመሥሪያ ቦታ እንዲያስፈቅድላቸው በአክብሮት አሳስባለሁ። እኔም ከሚመጣው ወር ጀምሮ በመዝገቤ ላይ የሠሪውን ስም ከነአባቱ እጽፋለሁ።