«ስሜትን ይደግፋል» የሚለው ብልቃጥና የምሽቱ ብርጭቆ

ዱሮ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት ሽቶ፣ ጫማና ቸኮሌት ይወጣ ነበር። አሁን ከሽቶው ጎን የፕላስቲክ ብልቃጦች ተሰልፈው ይወጣሉ። ለፀጉር፣ ለመገጣጠሚያ፣ ለእንቅልፍ የማይባል የለም። ቤተሰቡም ሁሉንም ባንድ ስም «ቫይታሚን» ብሎ ያጠቃልላቸዋል። የዛሬ ጉዳዬ ከእነዚህ ውስጥ ስሜትን እናነቃቃለን፣ ጭንቀትን እናረግባለን የሚሉት ናቸው፤ ሴንት ጆንስ ዎርት፣ ፋይቭ-ኤች-ቲ-ፒ፣ ካቫ፣ ቫሌሪያንና መሰሎቻቸው። በሪፖርትና በስብሰባ ሲናጥ የሚውል ባለሙያ ጠዋት ከቁርሱ ጋር አንዷን ፍሬ ይውጣል፤ አመሻሽ ላይ ከባልደረቦቹ ጋር ግሮሰሪ ጎራ ብሎ ሁለት ሦስት ድራፍት ይጨምርበታል። ሁለቱ ሲገናኙ ምን ያደርጋሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። ቢጠይቅስ ማንን ይጠይቃል?

ከብልቃጡ ጽሑፍ እንጀምር። «ድብርትን ያድናል» አይልም። የሚለው «ጤናማ ስሜትን ይደግፋል» ነው። «ይደግፋል» የምትለዋ ቃል በአጋጣሚ የገባች እንዳትመስላችሁ፤ የሕግ ባለሙያ እጅ አለባት። እ.ኤ.አ. በ1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ እነዚህን ምርቶች ከመድኃኒት ለይቶ ከምግብ ተራ አስቀመጣቸው። በዚህ ሕግ አምራቹ ምርቱን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት እንደ መድኃኒት ፋብሪካ ፈዋሽነቱን ለመንግሥት ማስረዳት አይጠበቅበትም። በሽታ ይፈውሳል ማለት አይችልም፤ የሰውነትን ሥራ ይደግፋል ማለት ግን ይችላል። ከሥር በደቃቅ ፊደል የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አባባሉን እንዳልመረመረው መጻፍ አለበት። ብልቃጡ እኛ ዘንድ ሲደርስ ያቺን መስመር ማን ያነባል? «የአሜሪካ ነው» ከተባለ በቃ።

የሚገርመኝ ሕጉ የወጣበት ጊዜ ነው። ከዚያ 5 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ለእንቅልፍና ለስሜት ይሸጥ የነበረው ኤል-ትሪፕቶፋን ከ1,500 በላይ ሰዎችን ለከባድ የጡንቻ ሕመም ዳርጎ ከ30 በላይ የሚሆኑትን ገድሏል። ምርመራውም ወደ አንድ የጃፓን አምራች ምርት አመራ። እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰ ማግሥት ቁጥጥሩ ይጠብቃል ብሎ ያሰበ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። የሆነው ግን ሌላ ነው። አምራቾች የሚደርሳቸውን የከባድ ጉዳት አቤቱታ ለመንግሥት እንዲያሳውቁ የተገደዱት እንኳ በ2006 በወጣ ሌላ ሕግ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ፣ የኛው አዋጅ ላይ እስክንደርስ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ወደ ብርጭቆው እንምጣ። አልኮል መጀመሪያ ላይ ሞቅ ቢያደርግም ሥራው አእምሮን ማደንዘዝ ነው። ቫሌሪያን፣ ካቫና ሜላቶኒንም በየመንገዳቸው ያፈዝዛሉ። ሲደራረቡ አንዱ የሌላውን ያጎላል፤ እንቅልፍ ይጥላል፣ እግር ይከዳል፣ የእጅ ፍጥነት ይቀንሳል። ጠጪው ግን «ልኬን አውቃለሁ» ባይ ነው። ልኩን ያወቀው ክኒኑን ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ምሽቶች መሆኑ ትዝ አይለውም። የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ ወደ ቀለበት መንገድ ሲወጣ ደግሞ ጉዳዩ የእሱ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ካቫ ለብቻው መነሣት አለበት። በደቡብ ፓሲፊክ ደሴቶች ሥሩ ተወቅጦ በውኃ እየተበጠበጠ ለዘመናት ሲጠጣ የኖረ ተክል ነው። እንክብል ሆኖ አውሮፓና አሜሪካ ከገባ በኋላ ግን ስሙ ከጉበት ጉዳት ጋር ይነሣ ጀመር። በ2002 የአሜሪካው አስተዳደር ሸማቾችን አስጠነቀቀ፤ ጀርመንም በዚያው ዓመት ከገበያ አስወጣችው። በ2014 የጀርመን ፍርድ ቤት እገዳውን ቢሽረውም ክርክሩ በዚያ አላበቃም። አልኮልንም የሚያጣራው ያው ጉበት ነውና ካቫ የዋጠ ሰው ውስኪ ሲጨምር ባንድ አህያ ላይ ሁለት ጭነት እየጫነ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሴንት ጆንስ ዎርት ነው። እሱ ዋና ጠቡ ከብርጭቆው ጋር ሳይሆን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ነው። ጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብሩትን ኢንዛይሞች ያበረታታቸዋል፤ ሌላው መድኃኒት ሥራውን ሳይጨርስ ከሰውነት ይወጣል። በ2000 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ይህ ተክል የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነውን ኢንዲናቪርን በደም ውስጥ በ57 በመቶ እንደሚቀንሰው አሳየ። ኢንዲናቪር ዛሬ ቀርቷል። በአገራችን በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪርም ቢሆን ከዚህ ተክል ጋር ያለ ሐኪም ምክር መወሰድ የሌለበት ነው። የወሊድ መከላከያ ክኒንና ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪንም ከተጠቂዎቹ ውስጥ ናቸው። የድብርት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ መደራረቡ ራሱ ከባድ አደጋ ያመጣል። አየርላንድ በዚያው በ2000 ተክሉ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ እንዲሸጥ ወስና ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከቫይታሚን ሲ ጎን ተደርድሮ ይሸጣል። ሐኪሞቻችን «መጠጥ ትጠጣለህ?» ብለው መጠየቅ ለምደዋል። አክስት ከዋሽንግተን ስለላከችው ብልቃጥ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም።

«ኧረ የተፈጥሮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። ኮሶስ የተፈጥሮ አይደለም እንዴ? ጥሬ ሥጋ ወዳዱ ሕዝባችን ኮሶውን የጠጣው እየተጠነቀቀ ነበር። መጠን ነበረው፣ ቀን ነበረው፣ የጠጣ ሰው ከቤት ይውላል። ሲበዛ ዓይን እንደሚያጠፋ፣ እንደሚገድልም ይታወቅ ነበር። እናቶቻችን ለኮሶ የሰጡትን ክብር እኛ ዲግሪ የጫንን ሰዎች ለባዕድ አገር ቅጠል እንዴት እንደነፈግነው አይገባኝም።

ደግሞስ የተፈጥሮ ለመሆኑ ማን አረጋገጠ? በአሜሪካ ነዳጅ ማደያ ሱቆች «ኔፕቹንስ ፊክስ» የሚባል፣ ስሜት ያሻሽላል እየተባለ የሚሸጥ ምርት ነበር። ውስጡ የነበረው ቲያኔፕቲን፣ ማለትም በአንዳንድ አገሮች በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ፣ አሜሪካ ግን ያልፈቀደችው የድብርት መድኃኒት ነው። ሰዎች ራሳቸውን ስተው፣ እየተንቀጠቀጡ ሆስፒታል ከገቡ በኋላ በጥር 2024 አምራቹ ምርቱን ከገበያ ሰበሰበ። እንዲህ ያለውን ከቢራ ጋር የወሰደ ሰው ምን ከምን እንደቀላቀለ ራሱ አያውቅም።

አንዱን ለማንሻ፣ ሌላውን ለማውረጃ መውሰድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጫት ቃሚው ምርቃናውን ለመስበር ማታ መጠጥ ቤት ይገባል፤ «ጨብሲ» ይለዋል። ክኒኑም እዚያው ልማድ ውስጥ ሰተት ብሎ ነው የገባው። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ሌሊቱን ግን ይቆራርጠዋል፤ ማግሥቱን ጭንቀት ይዞ ይመጣል፤ ሲደጋገም ድብርቱን ራሱ ያከብደዋል። ሰውዬው ጠዋት በክኒን ሊደግፈው የሞከረውን ስሜት ማታ በብርጭቆ ይንደዋል። ከዚያ «ክኒኑ አልሠራልኝም» ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ወደ አእምሮ ሐኪም እንዳይሄድ «አማኑኤል ገባ» መባልን ይፈራል። ብልቃጡ ግን አያሳማም፤ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥም «ቫይታሚን ነው» ይባላል። ለእኔ ትልቁ የገበያ ምስጢር ይኸው ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ መጠጥ ለመግዛት የሚፈቀደውንም ዕድሜ 21 አድርጎታል። የሚያስመሰግን ነው። ይሁንና «ጭንቀት ቻው» እያለ ብልቃጥ የሚሸጠው ነጋዴ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ዕቃውም የሚገባው በኮንቴይነር ሳይሆን በሻንጣ ነው። እያንዳንዱን ሻንጣ ይፈተሽ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ አይቻልምም። የሚቻለው ፋርማሲው መስኮት ላይ ነው። «ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲባል ሁሉም «የለም» ይላል፤ ቫይታሚን መድኃኒት ነው ብሎ የሚያስብ የለማ። ፋርማሲስቱ የጸረ ኤችአይቪውን ወይም የወሊድ መከላከያውን ከማስረከቡ በፊት «ከውጭ የተላከላችሁ ቫይታሚንስ?» ብሎ አንድ ጊዜ ይጠይቅ፤ ካለም ብልቃጡን ይዘው እንዲመጡ ይንገራቸው።