ጧሪዎ ማን ነው?

አንባቢ ሆይ፤ ጡረታ የሚወጣ ሰው ሲሸኝ አይተው ያውቃሉ? የሥራ ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው ጋቢና ከዘራ ይገዙለታል። አለቃው ተነሥቶ ስለ ቅንነቱና ስለ ትጋቱ ይናገራል። ዳቦው ይቆረሳል፤ ጋቢው ከትከሻው ላይ ይደረግለታል፤ ከዘራውንም ይዞ ፎቶግራፍ ይነሣል። በመጨረሻም «እንግዲህ ዕረፍ» ተብሎ ይሸኛል።

ለመሆኑ ይህ ስጦታ ምን ይናገራል? ጋቢህን ለብሰህ ተቀመጥ፤ ስትነሣም ከዘራህን ተደገፍ ማለት አይደለምን? ሰጪዎቹ በፍቅር እንደ ሰጡት አልጠራጠርም። ለእኔም ሰጥተውኛል፤ ጋቢው ይኸን በምጽፍበት ሰዓት እንኳ ከጉልበቴ ላይ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ከስጦታው ጋራ ምክሩንም አብሮ ይቀበላል፤ ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚያ ላይ ነው።

በአገራችን ሕግ መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ቀድሞ ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛና የወታደር ጉዳይ ሆኖ ይታይ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 715 ግን የግል ድርጅት ሠራተኛም ገብቶበታል። እንግዲህ ነገሩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። በ60 ዓመቱ ከቢሮ የሚወጣ ሰው ገና ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ጥያቄው እንዴት ይኖራል የሚለው ነው።

ከተሸኙ በኋላ የምትመጣውን የመጀመሪያዋን ሰኞ ያስቡ። እንደ ልማድዎ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነቃሉ። ፊትዎን ታጥበው ከለበሱ በኋላ ግን የሚሄዱበት የለም። ሥራ ደመወዝ ብቻ ይሰጠን ይመስለን ነበር፤ ለካስ ሳናስበው ሌላም ብዙ ነገር ይሰጠን ኖሯል። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ያራምደን ነበር፤ ደረጃ ያስወጣን ነበር፤ የምሳችንን ሰዓት ይወስንልን ነበር፤ በየቀኑም «ዛሬ ምነው ፊትህ ገረጣ?» የሚለን ሰው ያገናኘን ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቀራል። ደመወዙን የጡረታው አበል በመጠኑ ይተካዋል፤ የቀረውን ግን እኛው ካልተካነው ማንም አይተካልንም።

አንድ የመዝገብ ቤት ወዳጅ አለኝ። የእጅ ጽሑፉ ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስል ስለ ነበር፣ አለቆቹ የክብር ደብዳቤ በሚያስፈልግበት ጊዜ ከጽሕፈት መኪናው ይልቅ እርሱን ይመርጡ ነበር። ጡረታ እንደ ወጣ ምክሩን ሰማና ተቀመጠ። ጧት ከበረንዳው ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ከሶፋው ላይ፣ ማታ ከቴሌቪዥኑ ፊት። በዓመቱ ሱሪዎቹ ሁሉ ጠበቡት። ባለቤቱ ለምና ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ሲለካም የደሙ ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ክኒንም ታዘዘለት።

ሁለት ወር ዋጠ። ከዚያም ተወው። «ለምን ተውኸው?» ብለው፣ «ምንም አያመኝም፤ ለክኒኑ የማወጣው ገንዘብ ለልጅ ልጄ ደብተር ይግዛለት» አለኝ። ይህን በሰማሁ ጊዜ ደግነቱን አደነቅሁ እንጂ አልተከራከርሁትም። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

አንድ ቀን ጧት የቡና ሲኒ ከቀኝ እጁ ወደቀ። አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ፤ ንግግሩም ተሳሰረ። ቤተ ሰቡና ጎረቤቱ «ብርድ መትቶት ይሆናል» ብለው በዚያው በጡረታው ጋቢ ሸፍነው አስተኙት፤ ትኩስ አጥሚትም ሊያጠጡት ሞከሩ፤ ትን አለው። ከሐኪም ቤት የደረሰው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ዛሬ በሕይወት አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ያ የሚያምረው ቀኝ እጁ ከዚያ ቀን ወዲህ ብዕር አልያዘም።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ልንማረው የሚገባን ነገር ብዙ ነው። መጀመሪያ፣ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ ሕመም ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። ስለዚህ «አላመመኝም» ማለት «ጤነኛ ነኝ» ማለት አይደለም። የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። ሲለካ ሁለት ቍጥር ይነገርዎታል፤ ትልቁ ልብ ደምን ስትገፋ፣ ትንሹ ልብ ስታርፍ ያለው ግፊት ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ ትልቁ 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም ትንሹ 90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደጋገመ ሐኪም ሊከታተለው ይገባል። ክኒን የታዘዘለት ሰውም ደህና ሆኛለሁ ብሎ መተው የለበትም፤ ደህና የሆነው በክኒኑ ነውና። ዋጋው ከከበደዎ ለሐኪሙ ሳያፍሩ ይንገሩት፤ ረከስ ያለ መድኃኒት ሊኖር ይችላል። ጾም በገባ ጊዜም መድኃኒቱን ከማቆም ይልቅ የሚዋጥበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋራ ይነጋገሩበት።

ሁለተኛ፣ የአንድ ሰው አፍ በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ወይም አንድ እግሩ ከሰነፈ፣ ወይም ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ብርድ ነው ብሎ መሸፈን አይገባም። ይህ ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት፣ ደም ወደ አንጎል መድረስ ሲያቅተው ወይም በአንጎል ውስጥ ሲፈስ የሚመጣ አደጋ ነው። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። መዋጥ ሊያቅተው ስለሚችል ምግብም ሆነ መጠጥ ሳይሰጡ፣ የጀመረበትን ሰዓት ልብ ብለው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ይህን ለልጆችዎና ለጎረቤትዎም ይንገሩ፤ በዚያ ሰዓት እርስዎ መናገር አይችሉ ይሆናልና።

ሦስተኛ፣ ጨው ነው። ይኸው ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ ይህም ከአንዲት ትንሽ የሻይ ማንኪያ ልክ አይበልጥም። በእኛ ቤት ግን ጨው ከሽሮውም፣ ከበርበሬውም፣ ከወጡም አለ፤ ቡናውን በጨው የሚጠጣም አለ። በአንድ ጊዜ መተው ቢያስቸግር በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል።

አራተኛ፣ ይራመዱ። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለትም በቀን ግማሽ ሰዓት ለአምስት ቀን፣ ፈጠን ብሎ መራመድ ለልብም ለደም ሥርም ይጠቅማል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ዳገታማ ከተማ የሚኖር ሰው ዳገቱን ቀስ ብሎ ይውጣ፤ እየተራመዱ መነጋገር ከቻሉ ልኩ ነው፤ ደረትዎን ካመመዎ ግን ቆመው ሐኪም ያማክሩ። ከወንበርም ሲነሡ እጅዎን ሳይደገፉ ደጋግመው ለመነሣት ይሞክሩ፤ የጭን ጡንቻ ካልሠራ ይሟሽሻል፤ አረጋዊን የሚጥለውም ይኸው ድካም ነው። ሌሊት ለሽንት ሲነሡ በድንገት አይቁሙ፤ ከአልጋው ጠርዝ ጥቂት ተቀምጠው፣ መብራት አብርተው ይነሡ። ከዘራ የሚያስፈልገው ሰው ሳያፍር ይያዝ፤ ነገር ግን ከዘራ ለመሄጃ እንጂ ከበር ጀርባ ለማስቀመጥ አልተሠራም።

አምስተኛ፣ ከሰው አይራቁ። እድርተኛ ነዎት? እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ነገር ግን ያልመጣ አባል ሲኖር «እገሌ ምነው ጠፋ?» ብሎ በሕይወቱ ሳለ መጠየቅስ ምን ይከለክላል? ሁለት ሦስት ጡረተኞች በቀጠሮ አብረው ቢራመዱና በወር አንድ ቀን አብረው ጤና ጣቢያ ሄደው ቢለኩ፣ አንዱ ክኒኑን ሲተው ሌላው ያውቃል። እኔ ለወዳጄ ይህን አላደረግሁለትም፤ እርስዎ ለወዳጅዎ ያድርጉለት።

ጡረታ የሚለው ቃል የወጣው ጦረ ከሚለው ነው። እናት አባቱን የሚጦር ልጅ ምስጉን ነው፤ ሽማግሌዎቻችንም ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። መንግሥት በአበሉ፣ ልጆችዎም በፍቅራቸው ይጡሩዎት፤ ነገር ግን በእርስዎ እግር የሚራመድልዎ፣ በእርስዎ ጕሮሮ ክኒኑን የሚውጥልዎ ልጅ የለም። የመጀመሪያው ጧሪዎ እርስዎው ነዎት። ለልጅ ልጅ ደብተር መግዛት መልካም ነው፤ አያቱ በእግሩ ሄዶ ሲገዛለት ደግሞ ይበልጥ ያምራል። አባቶቻችን «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ያሉት ለዚህ ነው።

ያ ወዳጄ አሁን ክኒኑን አያቋርጥም። ጧት ጧት ልጁን ተደግፎ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ይሄዳል፤ ከሰዓት በኋላም በግራ እጁ መጻፍ ይለማመዳል። ይህን ጽሑፍ እንደማወጣ በነገርሁት ጊዜ፣ ስሙን እንዳልጠቅስ አሳስቦ፣ አንድ ቃል ብቻ በተንጋደዱ ፊደሎች ጽፎ ሰጠኝ፤ እኔም ለእርስዎ አደራውን አስተላልፋለሁ።

«ተለኩ» ይላል።