ፊትን ያላየው ፕሮግራምና የወጣት ባለሙያዎች ጥያቄ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚማር ወጣት በቅድሚያ የሚያሳስበው የጻፈው ኮድ መሥራቱ ነው። ኮዱ ለማን እንደሚሠራና ለማን እንደማይሠራ መጠየቅ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ሲሆን፣ ከጋናውያን ወላጆች የተወለደችው ተመራማሪ ጆይ ቡኦላምዊኒ የተጓዘችበት መንገድም ይህንኑ ያመለክታል።

ጆይ በአሜሪካ ጆርጂያ ቴክ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በምትከታተልበት ወቅት ከሰው ጋር የሚጫወት ሮቦት ላይ ትሠራ ነበር። ሮቦቱ ፊቷን መለየት ስላልቻለ አብራት የምትኖረውን ተማሪ ፊት ተጠቅማ ሥራዋን አጠናቀቀች። ችግሩን ሌላ ሰው ይፈታዋል ብላም አለፈችው። ከዓመታት በኋላ በኤም.አይ.ቲ. የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለች ተመሳሳይ ችግር ገጠማት። ፕሮግራሙ ፊቷን ያየው ነጭ ጭምብል ስታጠልቅ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ጉዳዩን የምርምር ርዕሷ አደረገችው።

እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ተወልደው ካደጉት ዶክተር ትምኒት ገብሩ ጋር ያሳተመችው ጥናት፣ ከፊት ገጽታ ጾታን የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎችን ምርቶች በሦስት የአፍሪካና በሦስት የአውሮፓ አገሮች 1 ሺህ 270 የምክር ቤት አባላት ፎቶግራፎች ፈትሿል። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ የታየው ስሕተት ከ0.8 በመቶ አልበለጠም። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደ ተከታይ ፍተሻ ኩባንያዎቹ ስሕተታቸውን በእጅጉ ቀንሰው ተገኝተዋል፤ ችግሩ ከመጀመሪያውም ሊታረም ይችል ነበር ማለት ነው። ይሁንና ጥያቄውን ማንሳት ዋጋ አለው። ዶክተር ትምኒት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ከጎግል የተለያዩት በትላልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ጉዳት ላይ በተዘጋጀ ጽሑፍ ሳቢያ በተነሣ አለመግባባት ሲሆን፣ እርሳቸው ተባረርኩ ሲሉ ኩባንያው በበኩሉ የሥራ መልቀቂያ መቀበሉን ገልጿል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የነዋሪውን የፊት ምስል፣ የጣት አሻራና የዓይን አይሪስ ይመዘግባል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ኢኒሼቲቭም ወጣቶችን በፕሮግራሚንግና በዳታ ሳይንስ ለማሠልጠን የታለመ ነው። በዚያው ዓመት የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ እንዴት መሰብሰብና መጠበቅ እንዳለበት ይደነግጋል።

አዋጁ ግን የፕሮግራም ጸሐፊውን ሥራ ተክቶ አይሠራም። ለምሳሌ የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር መተግበሪያ የሚሠራ ወጣት፣ ድምፅ የሰበሰበው ከአዲስ አበባ የሥራ ባልደረቦቹ ብቻ ከሆነ፣ የጎጃሟ ወይም የወሎዋ አርሶ አደር ስትናገር ምን ያህሉን እንደሚስት ማወቅ የሚችለው ራሱ ሄዶ ሲፈትሽ ነው። ይህ ፍተሻ ጊዜና በጀት ይጠይቃል፤ ሥራውን የሚያዝዙ መሥሪያ ቤቶችም ገና ውል ሲፈራረሙ ሊያካትቱት ይገባል።