ሽፋኑ ያስፈራ፤ ግን አይዋሽ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሌሎቹ የቡና ከተሞቻችን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው እንጀራቸውን የሚያገኙ ብዙ ወጣቶች አሉን። ባነር ይሠራሉ፣ የሠርግ ካርድ ይሠራሉ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ያዘጋጃሉ። አልፎ አልፎ ደግሞ ለየት ያለ ትዕዛዝ ይመጣል። አንዱ የአስፈሪ ፊልም የዲቪዲ ሽፋን በፎቶሾፕ ሥሩልኝ ይላል። ሌላው ለዩቲዩብ ቪዲዮው ያንኑ የመሰለ የፊት ምስል ይፈልጋል። "ይህን ብንሠራ ምን ችግር አለው?" የሚል ጥያቄ በተለያየ መልክ ስለሚነሳ ዛሬ ጠጋ ብለን እንየው።

ሕይወት ያለውን ነገር ምስል ስለመሥራት ዑለማዎች ያላቸው የሐሳብ ልዩነት የታወቀ ነው። እሱን ለባለቤቶቹ እንተወዋለን። እኛ የምንነጋገረው ሥራው እጃችሁ ከገባ በኋላ ስላለው አማና ነው። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ሽፋን ማስፈራቱ ብቻውን ችግር አይደለም፤ ችግር የሚሆነው ሲዋሽ ነው። ዛሬ ደግሞ ከፊልም ሽፋን ይልቅ አብዝቶ የሚዋሸው፣ ፊልም ባልሆነ ነገር ላይ፣ አንዳንዴም በደዕዋ ቪዲዮ ላይ የምንለጥፈው ምስል ነው።

በመጀመሪያ ሽፋን ማለት ምን እንደሆነ እንረዳ። ቪሲዲና ዲቪዲ በየሱቁ በሚሸጥበት ጊዜ ዲስክ የሚገዛ ሰው ፊልሙን አስቀድሞ አይቶ አልነበረም የሚገዛው። በእጁ ያለው መረጃ ያቺ በላስቲክ የተሸፈነች ወረቀት ብቻ ነበረች። ስለዚህ ሽፋን ቃል ነው። "ውስጤ ይህ አለ" ብሎ ለማያውቀው ሰው የሚመሰክር ቃል። ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው ያንን ምስክርነት አምኖ ነው።

ይህ ምስክርነት ሲዛባ ምን እንደሚመስል ከሌሎች አገሮች እንማር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጋና ውስጥ ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ማጫወቻና ጄኔሬተር ጭነው ከመንደር መንደር እየዞሩ ፊልም የሚያሳዩ ሰዎች ነበሩ። ማስታወቂያቸውን የሚስሉላቸው ሠዓሊዎች ተተርትሮ በተዘረጋ የዱቄት ጆንያ ላይ በዘይት ቀለም ይሠሩ ነበር። ሠዓሊው አንዳንዴ ፊልሙን ጭራሽ ሳያየው ይስላል። ፊልሙ ውስጥ የሌለ እባብ፣ የሌለ ደም፣ የሌለ ጭራቅ ይጨምራል። እነዚያ ሥዕሎች ዛሬ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ይገዛሉ። ለሰብሳቢው ጥበብ ነው። ሳንቲሙን ከፍሎ የገባው የመንደር ሰው ግን የተሳለለትን ነገር ውስጥ ገብቶ አላገኘውም።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1982 "ድሪለር ኪለር" የተባለ የአሜሪካ ፊልም ቪዲዮ ሲወጣ፣ ሽፋኑና ማስታወቂያው ላይ የሰው ግንባር በመሰርሰሪያ ሲበሳ ይታይ ነበር። ቅሬታው በረታ፤ ጋዜጦች ስለ አስፈሪ ቪዲዮዎች መጮህ ጀመሩ። በ1984 ቪዲዮ ከመሸጡ በፊት ተመርምሮ የዕድሜ ደረጃ እንዲሰጠው የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ከዚህ የምንይዘው ትምህርት፣ ፊልሙን የሚያየው የገዛው ሰው ሲሆን ሽፋኑን ግን መንገደኛው ሁሉ እንደሚያየው ነው። ዳቦ ልትገዛ የተላከች ሕፃንም ታየዋለች። ፊልሙ ለአዋቂ ነው ብሎ የጻፈ ዲዛይነር፣ ሽፋኑ ግን ለሁሉም እንደሚታይ መርሳት የለበትም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ሥራውን ሳያውቁ ስለ ሥራው መፍረድ ተገቢ አይደለምና። ፎቶሾፕን ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1987 ጀምረውት፣ አዶቢ ኩባንያ በ1990 ለገበያ አቀረበው። የተለመደው የዲቪዲ ሽፋን ሲዘረጋ ወርዱ 273፣ ቁመቱ 183 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፊት አለው፣ ጀርባ አለው፣ መሐል ላይ ደግሞ ስሙ የሚጻፍበት 14 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጠባብ ወገብ አለው። ለኅትመት በ300 ዲፒአይ ሲከፈት ወደ 3,224 በ2,161 ፒክስል ይሆናል። ማሽን ሲቆርጠው ነጭ ጠርዝ እንዳይታይ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይተዋል።

ፊትን የሚያስፈራ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ደም ሳይሆን ብርሃን ነው። ከተወለድን ጀምሮ የሰውን ፊት ያየነው ከላይ በሚመጣ ብርሃን ነው፤ ፀሐይም አምፖልም ከላይ ናቸው። ብርሃኑ ከአገጭ በታች ሲመጣ ጥላው ወደ ላይ ይገለበጣል፤ የምናውቀው ፊት የማናውቀው ይሆናል። ከዚያ ቀለሙን ማደብዘዝ፣ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሰማያዊ ማዘንበል፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ ፎቶ በሌላ ሌየር አምጥቶ በ"መልቲፕላይ" ፊቱ ላይ ማሳረፍ፣ የማይፈለገውን በማስክ መሸፈን ነው። ለጀማሪ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ስክሪን ላይ ያማረ ጨለማ ወረቀት ላይ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ስክሪን በብርሃን፣ ወረቀት በቀለም ስለሚሠራ ጥላውን ትንሽ ከፈት አድርጉት፤ ከመቶዎቹ በፊት አንድ የሙከራ ኅትመት አውጡ።

ስለ ፊደላችንም አንድ ነገር እንጨምር። የውጭ አስፈሪ ፊልሞች ርዕስ የተበላ፣ የተቧጨረ፣ የሚንጠባጠብ ፊደል ይወዳል። የላቲን ፊደል ጫፉ ቢበላም ይነበባል። የኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለየው በትንሽ እግርና በትንሽ ቅጥያ ነው። "ሉ" ጎኑ ላይ ያለችው ቅጥያ ብትቧጨር "ለ" ሆኖ ያርፋል። የሚንጠባጠብ ደም ስትጨምሩበት ደግሞ አዲስ እግር ያበቅላል። ርዕሱ የማይነበብ ሽፋን የማንም ወገን አይደለም። የመቧጨሩን ሥራ ለጀርባው ምስል ትታችሁ ፊደሉን ንጹሕ አድርጉት።

ከተሠሩት ሁሉ በብዛት ከሚጠቀሱት አስፈሪ ምስሎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የ"ኤክሶርሲስት" ፊልም ፖስተር ነው። ደም የለበትም፤ ጭራቅ የለበትም። አንድ ሰው ቦርሳ ይዞ ሌሊት አንድ ቤት ደጃፍ ቆሟል። ከመስኮቱ የሚወጣው ብርሃን ጥላ አድርጎታል፤ ፊቱ አይታይም። ያ ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ በእርግጥ አለ። ሳይዋሹ ማስፈራት እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ዲስክ የሚሸጥባቸው ሱቆች ዛሬ በብዛት የስልክ ዕቃና የሲም ካርድ መሸጫ ሆነዋል። ሙያው ግን አልሞተም፤ ወደ ስልካችን ገባ። ያ 273 ሚሊ ሜትር ወረቀት ዛሬ 1280 በ720 ፒክስል የሆነ የዩቲዩብ የፊት ምስል ነው። ከታች የሚመጣው ብርሃን፣ አረንጓዴው ፊት፣ የተቧጨረው ቀይ ጽሑፍ ሁሉ ተሰደው እዚያ ሰፍረዋል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የአስፈሪ ፊልም ዲስክ ያነሳ ሰው የተፈጠረ ነገር እንደሚያይ ያውቃል፤ ሊፈራ ፈቅዶ ነው የሚከፍለው። ዜና ነው፣ የሞተ ሰው ታሪክ ነው፣ የዲን ትምህርት ነው ተብሎ የቀረበለት ሰው ግን ያየውን እውነት ነው ብሎ ነው የሚቀበለው።

እንዲህ ዓይነቱን ብዙ ጊዜ እናያለን። አንድ ኡስታዝ ስለ ጎረቤት ሐቅ ረጋ ብሎ ያስተምራል። የፊት ምስሉ ላይ ግን ከጎኑ የሚነድ አፅም ቆሟል፤ "የማትተኙበት ሌሊት" ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ሌላው ስለ ቀብር ሕይወት በተነገረ ትምህርት ላይ ከውጭ ፊልም የተቆረጠ፣ በሜካፕ የተሠራ ፊት ይለጥፋል። ወንድሞች፤ ይህ ከፊልም ሽፋን ይከብዳል። አኺራ ጋይብ ነው። ስለሱ የምናውቀው የተነገረንን ያህል ብቻ ነው። የፊልም ሜካፕ ባለሙያ የፈጠረውን ፊት "ይህ ነው የሚጠብቃችሁ" ብሎ ማቅረብ ያላዩትን መመስከር ነው። ጉዳቱም ሁለት ነው። ሕፃኑ ዲኑን ከቅዠት ጋር አያይዞ ያድጋል። ወጣቱ ደግሞ አንድ ቀን ያንን ፊት ፊልሙ ውስጥ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ የሚስቀው በምስሉ ብቻ ላይ አይሆንም። ፍርሃት በዲናችን ቦታ አለው፤ ግን ከተስፋ ጋር ተጣምሮና እውነት ላይ ቆሞ ነው።

ሐዲሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተከመረ እህል አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ለኛ የቡና አገር ልጆች ይህ ሐዲስ ትርጉም አያስፈልገውም። ከላይ ቀይ እሸት፣ ከሥር አረንጓዴ የሞላበት ጆንያ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ለዚህም ነው የቡና ደረጃ መዳቢ የጆንያውን አፍ አይቶ የማይፈርደው። ከመሐሉ ናሙና ይወስዳል፣ ጥሬውን ይመረምራል፣ ቆልቶ አፍልቶ ይቀምሳል። የፊት ምስልም የጆንያ አፍ ነው። ከሥሩ ያለው ሌላ ከሆነ ስሙ ዲዛይን ሳይሆን ጊሽ ነው።

"ካልተጋነነ ማንም አይከፍተውም" የሚለውን መልስ እናውቀዋለን። ከፊሉ እውነት ነው። የደበዘዘ ፎቶና የተጨናነቀ ጽሑፍ ያለበትን ትምህርት ሰው ያልፈዋል፤ መልካም ነገር መልካም ገጽታ ይገባዋል። ግን ሰውን መሳብ ሌላ፣ ማታለል ሌላ ነው። ስለ ጎረቤት ሐቅ ለተሰጠ ትምህርት ሁለት በሮች ፊት ለፊት፣ አንዱ ተዘግቶ አንዱ ተከፍቶ የሚታይበት ምስል ይበቃል። ይስባል፣ አይዋሽም። ተታልሎ የከፈተ ሰው ብዙም ሳይቆይ ይዘጋዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን ስትነግሩትም አያምናችሁም። አንዴ ያታለለ ቡና ነጋዴ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚገጥመው አባቶቻችሁን ጠይቁ።

ስለዚህ ትዕዛዝ ስትቀበሉ እነዚህን አራት ነገሮች ጠይቁ።

አንደኛ፣ የምሠራው ነገር ውስጡ አለ? ፊልሙን ወይም ትምህርቱን ሳታዩ አትሥሩ። ቢያንስ ግማሹን እዩ።

ሁለተኛ፣ ፊቱ የማን ነው? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 መሠረት የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ አይቻልም። ከፌስቡክ የተወሰደች የአንዲት እህት ፎቶ ዓይኗ ነጭ ሆኖ ሽፋን ላይ ብትወጣ ለእርሷ ፊልም አይደለም፤ ክብሯ ነው። በአደጋ የሞተ ሰው ፎቶ ከሆነም ቤተሰቦቹ እንደሚያዩት አስቡ።

ሦስተኛ፣ ማን ያየዋል? ፊልሙ ለአዋቂ ከሆነ የዕድሜ ገደቡ በሚታይ መጠን ይጻፍ፤ የሚዘገንነው ከፊት ገጽ ይውጣ።

አራተኛ፣ የተሠራ ምስል መሆኑን ተመልካቹ ያውቃል? ዜና የሚመስል ነገር ላይ የተቀነባበረ ምስል አትለጥፉ። ከተማ ውስጥ ውጥረት ባለበት ሰዓት አንድ የተቀነባበረ የአስከሬን ፎቶ ምን እንደሚያመጣ ማንም አይስተውም። ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም እንዲህ ያለውን "ቀልድ ነበር" ብሎ ለማለፍ አይመችም።

በመጨረሻ ለአዛዦቹ፣ ለስቱዲዮ ባለቤቶች፣ የደዕዋ ገጽ ለምታስተዳድሩ ወንድሞችም እንናገር። ዲዛይነሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ምስል ሒሳብ የሚከፈለው፣ እምቢ ቢል ሥራው ለሌላ የሚሰጥበት ልጅ ነው። "ይበልጥ አስፈሪ አድርገው" የምትሉት እናንተ ከሆናችሁ ተጠያቂነቱ ከእርሱ ይልቅ በእናንተ ላይ ይበረታል። ቪዲዮውን አይቶ ለመሥራት የሚበቃ ጊዜ ስጡት፤ ለዚያም ክፈሉት። ሐላል ሪዝቅ የሚፈልግን ወጣት ውሸት አታሠሩት።

እናንተ ወጣቶችም በእጃችሁ ያለውን ሙያ አትናቁት። ሰው ከቃላችሁ በፊት ምስላችሁን ያምናል። አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቃችሁን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግላችሁ፤ እጃችሁን ከማታለል ይጠብቅ። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።