ጥበብ ከንቱ ናትን?

«ዐዋቂውም ይሞታል፥ አላዋቂውም ይሞታል፤ ዐዋቂው ግን እስኪሞት ድረስ በሐሳብ ይቃጠላል። እንግዲህ ጥበብ ምን ትረባለች?» የሚሉ ሰዎች በየዘመኑ አይታጡም። ነገሩ የትሕትና ልብስ ስለ ለበሰ ብዙዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ ይቀበሉታል። እኛ ግን ሳንመረምረው ልናልፍ አንወድም።

እነዚህ ሰዎች ምስክር አድርገው የሚጠሩት ጉዱ ካሣን ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ፥ ካሣ ዳምጤ የዘመኑን ሥርዐት መርምሮ፥ ካልታደሰ እንደማይቆም ስለ ተናገረ «ጉዱ» ተባለ። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል የምትገኘው የማንኩሳ ልጅ በዛብህም ቅኔ ቢማር፥ ትምህርቱ ከጌቶች ቍጣ አላዳነውም። «ታዲያ ጥበባቸው ምን ጠቀማቸው?» ይሉናል።

እኛም መልሰን እንጠይቃለን፦ ጥፋቱ የተናጋሪው ነው ወይስ የሰሚው? መድኃኒት አልጠጣም ብሎ ስለ ሞተ በሽተኛ ባለመድኃኒቱን መውቀስ ፍርድ አይደለም። መጽሐፉ በታተመ በ2 ዓመት፥ በ1960 ዓ.ም.፥ የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ተነሣ። በ1967 ዓ.ም. መስከረም ዘውዱ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት በየካቲት የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። እብድ የተባለው ሰው ያየው ነገር፥ ጤነኞች ነን ባሉት ላይ ሳያስቡት ደረሰባቸው።

«የሚያልፍ ነገር ዋጋ የለውም» የሚለውንም ቃል በጎጃም ቅኔ ቤት እንመዝነው። ተማሪው ለምድ ለብሶ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ ቍራሽ ለምኖ፥ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ እስኪደርስ ዓመታት ይደክማል። የደከመበትም ቅኔ አንድ ጊዜ ከተባለ በኋላ ለነገ አያገለግልም፤ ለነገ ሌላ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ቅኔው በነፋስ ቢሄድ፥ ሰሙን ከወርቁ መለየት የለመደው አእምሮ ከባለቤቱ ጋር ይኖራል፤ ለሽምግልና ሲቀመጥም የነገርን ውስጥ ያያል። የገበዝ ማርያም ገበሬስ የዘንድሮው በቆሎ ተበልቶ ያልቃል ብሎ ሞፈርና ቀንበሩን ይሰቅላልን?

ጥበብ ኀዘን እንደምታመጣ አንክድም። የሌላውን በደል የሚያይ ዐይን ማንባቱ አይቀርም። ነገር ግን እንባን ፈርቶ ዐይንን ማጥፋት የማን ምክር ነው?

ይልቁንስ ጥበብን የሚንቁትን ሰዎች እንታዘባቸው። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ይልካሉ፤ ሲታመሙ ሐኪም፥ ሲከሰሱ ሕግ ዐዋቂ ይፈልጋሉ። ጥበብ ከንቱ የምትባለው፥ ሐኪምነቷንና ጠበቃነቷን ትታ «ሥራህ ትክክል ነውን?» ብላ ስትጠይቃቸው ብቻ ነው።

ሞት ለሁሉ አንድ መሆኑ፥ ኑሮ ሁሉ አንድ መሆኑን አያስረዳም። ሰው ከሞት ለማምለጥ አይማርም፤ እስኪሞት ድረስ እንደ ሰው ለመቆም ይማራል። ይህንንም ከንቱ የሚል ካለ፥ ከንቱነቱን የሚያስረዳን ያው በጥበብ መሆኑን አይርሳ።