«ሰውዬው ሐኪም ነው?»

ከእኛ መካከል አንዱ፣ እንግሊዝኛው ደህና ስለሆነ ብቻ፣ ከዓመታት በፊት አስተርጓሚ ሆኖ ምሥራቅ ጎጃም ሄዶ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጡ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች «የተቸገሩ ሴቶችን ለመርዳት» የሁለት ሳምንት የተልዕኮ ጉዞ ላይ ነበሩ። ዓባይን ተሻግረው፣ ደጀን ምሳ በልተው፣ የጥኖራ፣ ብቸና እያሉ እስከ ሞጣ ዘለቁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰዋል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ይህን አስቀድመን እንናገር። ሽሮ ሲቀርብላቸው በልተዋል፣ ሕፃን ሲያዩ ታቅፈዋል፣ ማታ ማታ ስለ ሴቶቹ እየጸለዩ አልቅሰዋል። (ዲማ ጊዮርጊስንና መርጡለ ማርያምን ለያዘ አገር ክርስትናን ላስተዋውቅ ብሎ መምጣት ትንሽ ፈገግ ቢያሰኝም እሱን እንለፈው።)

አንድ ቀን አንዲት ሴት ፊታቸው ተቀመጠች። ምጥ ላይ ስንት ቀን እንደቆየች፣ ልጇ እንዴት እንደሞተ፣ ከዚያ ወዲህ ሽንቷን መቆጣጠር እንዳቃታት እንድትናገር ተጠየቀች። ካሜራው ተከፍቷል። እሷ ግን ወደ ወዳጃችን ዞር ብላ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ወንድሜ፣ ሰውዬው ሐኪም ነው?»

«አይ፣ እንግዳ ነው።»

«ታዲያ የኔን ገመና ሰምቶ ምን ያደርግለታል?»

ወዳጃችን ይህን አልተረጎመውም። «ደክሟታል» ብሎ አለፈው። ዛሬም ሲያነሳው ያፍራል።

እኛም ከዚያ ወዲህ ስለ እንዲህ ዓይነት ጉዞ ስንሰማ የምትመጣብን የእሷ ጥያቄ ናት። ጥያቄዋ ግን «ፈረንጅ አይምጣብን» ማለት አይደለም። እንዲያ እንዳንል የሚከለክለን አንድ ታሪክ እዚሁ አዲስ አበባ አለ።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ እ.ኤ.አ. በ1942 ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። ልብ በሉ፣ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ናቸው፤ ራሳቸውም ነርስ ነበሩ። በስማቸው ሆስፒታል ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደዚያ ሆስፒታል የማዋለጃ ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ሁለት የማሕፀን ሐኪሞች መጡ፤ አውስትራሊያዊቷ ዶ/ር ካትሪን ሐምሊንና የኒው ዚላንድ ተወላጁ ባለቤታቸው ዶ/ር ሬጂናልድ። ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። እምነታቸው ነው ያመጣቸው፣ ያንንም ደብቀው አያውቁም። ግን የመጡት በእጃቸው ሙያ ይዘው ነው። በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ፤ ሕክምናው በነፃ ነው። ዶ/ር ሬጂናልድ በ1993 አረፉ። ዶ/ር ካትሪን ደግሞ በ2020፣ በ96 ዓመታቸው፣ እዚሁ አዲስ አበባ። የሦስቱ ዓመት ውል ስልሳ ዓመት ሆነ ማለት ነው።

ከመቆየታቸው ይልቅ የሚደንቀን ግን ቢላውን ለማን እንዳስያዙ ነው። ወ/ሮ ማሚቱ ጋሼ በልጅነታቸው ፊስቱላ ይዟቸው ሊታከሙ መጡና እዚያው ቀሩ። ፊደል ሳይቆጥሩ፣ አልጋ ከማንጠፍ ተነስተው፣ ቀዶ ሕክምናውን እያዩ ተምረው ዋነኛ ቀዳጅ ሆኑ፤ ዲግሪ ይዘው የመጡ ሐኪሞችንም አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቢቢሲ ከመቶ የዓለም ሴቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። የሁለት ሳምንት ጉዞ እኚህን ሴት ፎቶ ያነሳቸው ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ምን ሊያደርግላቸው እንደሚችል አይታየንም።

ደግሞ ስለ በሽታው የሚወራው ነገር። «ባህላቸው ነው፣ በልጅነት ይድሯቸዋል» ይባላል። ያለዕድሜ ጋብቻ ጎጃም ውስጥ ስለመኖሩ አንከራከርም፤ ሕጉ 18 ዓመት ቢልም ሕጉና ሠርጉ የማይተዋወቁበት ቀበሌ ብዙ ነው። ይሁንና የሠላሳ ዓመት ሴትም፣ አምስት የወለደችም ፊስቱላ ይይዛታል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የልጁ ጭንቅላት አላልፍ ብሎ ለቀናት ሲጫን የፊኛው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞትና ይበሳል። በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ብታገኝ አይደርስም ነበር። ሴትዮዋን የጎዳት በቃሬዛ የወረደችው ገደል፣ ያልመጣው አምቡላንስ፣ ጤና ጣቢያው ላይ ያልነበረው ባለሙያ ነው። ለእርዳታ መሰብሰቢያ ግን የመንገድ ታሪክ አያስለቅስም መሰለን፣ ጨካኝ ባል ነው የሚፈለገው።

ለውጥ የለም አንልም። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። ይህን ያመጡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አዋላጆችና አምቡላንሶች ናቸው። ሐምሊኖችም ቢሆኑ ስፌት ብቻውን እንደማይበቃ ገብቷቸው ነው በ2005 ባሕር ዳር ላይ ማዕከል ተከፍቶ፣ በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ የተጨመረው። ኮሌጁ የገጠር ልጆችን ያስተምርና ወደመጡበት ይመልሳል። የብቸና ልጅ ብቸና ስትመለስ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

እ.ኤ.አ. በ2023 በአማራ ክልል ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ያየነው ደግሞ ይህንኑ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲጠፋ፣ የቲሸርቱ ቡድን ተመልሶ አልመጣም፤ ሊመጣም አይችልም። ምጥ ግን መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። በዚያች ሌሊት ሴትዮዋ አጠገብ ልትኖር የምትችለው እዚያው የምትኖር አዋላጅ ብቻ ናት።

ይህን ሁሉ ያስለፈለፈን ባለፈው ሰሞን የደረሰን ግብዣ ነው። የዚሁ የከተማችን ልጆች ናቸው፣ እንወዳቸዋለን። መንገዱ ሲረጋጋ ወደ ጎጃም «የእህቶቻችንን እንባ ለማበስ» የአራት ቀን ጉዞ አስበዋል፤ ለአውቶብስ፣ ለቲሸርት ማሳተሚያና ለቪዲዮ ባለሙያ እንድናዋጣ ጠየቁን። እኛም መለስንላቸው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ የሚባል ክፍል አለ። ቤቷ የራቀ ነፍሰ ጡር የመጨረሻዎቹን ሳምንታት እዚያ ትሰነብታለች፣ እንዲህ ካደረገች ገደሉን በምጥ አትወርድም። ማቆያው ዱቄት ይፈልጋል፣ ማገዶ ይፈልጋል፣ ብርድ ልብስ ይፈልጋል፣ የገንፎ ቅቤም ይፈልጋል። የአውቶብሱን ገንዘብ ለዚያ እንላክ፣ እናንተም እዚሁ ቅሩ አልናቸው።

ትንሽ ቅር አላቸው። «ሄዶ ማየትም እኮ ፍቅር ነው» አሉን። እሺ፣ ሂዱ፤ ከመካከላችሁ አዋላጅ አለች ወይ ብለን ጠየቅን። የለችም። ካሜራውንስ ትታችሁ ትሄዳላችሁ?

«እንነጋገርበት» ብለዋል። እስካሁን እየተነጋገሩ ነው።